ትንሹ ምድብ

«መጣች! ከመንገዱ ዞር በሉ፣ መጣች!»

ሴቻ ዳገት ጫፍ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ወደ ኋላ ሲሸሽ ሳምሶን ብቻ ወደ ፊት ወጣ። ቢጫዋ ቮልስዋገን የመጨረሻውን ኩርባ እየተንገጫገጨች ዞረች፤ በኖራ የተሰመረውን መስመር አልፋ ጥቂት ተንደረደረችና ቆመች። መስኮቷ ክፍት ስለነበር ዘሪቱ ከታች የጀመረችውን መዝሙር ስትጨርስ ሁሉም ሰማት። ካልጨረሰች ከመኪና አትወርድም።

ሰዓት ያዡ መምህር ክብሩ የእጅ ሰዓቱን አየ፣ ወረቀት ላይ ቀነሰ፣ ያገኘውን ስላላመነው እንደገና ቀነሰ።

«በትንሹ ምድብ ዘሪቱ አንደኛ!» ብሎ ጮኸ። «ጋሽ ሳምሶንን በሦስት ሰከንድ ቀድማዋለች!»

እልልታው ቀለጠ። አብረዋት ጋቢ የሚነግዱት የዶርዜ ሴቶች ዘለው አቀፏት፤ የጫኖ ሙዝ የምትሸጠውም ቅርጫቷን ትታ ጨፈረች። ሳምሶን ክው ብሎ ቀረ። ያስደነገጠው መሸነፉ ብቻ አልነበረም። ለምን እንደተሸነፈ ከአርባ ምንጭ ሕዝብ ሁሉ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ውድድሩን የከተማው ሾፌሮችና ባለመኪኖች በየዓመቱ የመስቀል ሰሞን ያዘጋጁታል፤ ይህ የ1989ኙ ነው። መኪኖቹ ከሲቀላ አንድ በአንድ ይለቀቁና ዳገቱን ወጥተው ሴቻ ይደርሳሉ። ማንም ከማንም ጋር አይጋፋም፤ ፉክክሩ ከሰዓት ጋር ነው። እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ የተሻለው ሰዓቱ ይያዝለታል። አንዴ የወጣ መኪና ደግሞ ዙሩ እስኪያልቅ ተመልሶ አይወርድም፤ መንገዱ አንድ ነውና። ምድቡ የሚለየው በሞተር ነው። እስከ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሲሲ ያለው ትንሹ ምድብ፣ ከዚያ በላይ ያለው ትልቁ ምድብ ይገባል። በተከታታይ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ የምድቡን ዋንጫ ለዘለቄታው ይወስዳል። ሳምሶን አንድ ሺህ አንድ መቶ ሲሲ በሆነችው ፊያት ሚሌቼንቶው የትንሹን ምድብ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ወስዶ ሦስተኛው ብቻ ቀርቶታል። ባለቤቱ የሺመቤት ከብፌው ላይ ብርጭቆ አንስታ ለዋንጫው ቦታ ካዘጋጀች ሳምንት አልፏታል።

የዘሪቱ ነገር የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ቮልሷን ዘይት ልታስቀይር ሲቀላ ወዳለው ጋራዡ አመጣቻት። የጋራዡ ስም «ጥንቁቅ» ይባላል። ጥንቁቁ ሳምሶን የድሮውን ዘይት አፈሰሰ፤ በመሃል ሰው ጠራው፤ ሲመለስ አዲሱን ዘይት ሳይሞላ ሞተሩን አስነስቶ ስለ እግር ኳስ ማውራቱን ቀጠለ። ሞተሩ ተቃጠለ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ሳምሶን ግን ቸኩሎም አልነበረም።

«ሞተርሽን አቃጠልኩት» ማለት አቃተው። ጓሮው ውስጥ ከተገለበጠ የቮልስዋገን ኮምቢ ሚኒባስ የወረደ ሞተር ነበር፤ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሲሲ። ላይ ላዩን ላየው ከዘሪቱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ጋር መንታ ነው። ያንን ገጠመላት። እንዳይታወቅበትም ነዳጅና አየር የምትመጥነውን የድሮዋን ትንሽ ካርቡሬተር መልሶ አሰረበትና «በደንብ አጽድቼልሻለሁ» ብሎ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ዘሪቱ ጋቢ ልትሸምት ዶርዜ ወጥታ በተመለሰች ቁጥር በጋራዡ በር ቆም ትልና «ጋሽ ሳምሶን፣ እጅህ ይባረክ! ዳገት የሚባል ነገር ረስቻለሁ» ትለዋለች። እሱም ምን ያድርግ፣ «አሜን» ይላል።

ይባስ ብሎ ዛሬ ጠዋት መኪኖቹ በየምድባቸው ሲፈተሹ ቮልሶቹን የሚያይ ሌላ ሰው ጠፋና ፈታሹ እሱ ሆነ። የዘሪቱን የኋላ ኮፈን ከፈተ፣ ጎንበስ አለ፣ «ልክ ናት፣ ትንሹ ምድብ» ብሎ ዘጋው። ሌላ ምን ይበል? ደግሞም በልቡ፣ ገና ዘንድሮ መወዳደር የጀመረች ጋቢ ነጋዴ እኔን አትቀድመኝም ብሎ ነበር።

«ሳምሶን፣ ነገሩን አየኸው?» ጎሚስታው ካሱ ነበር። ጓደኛው ነው፤ በሳምሶን ዋንጫ ከሳምሶን በላይ የሚኮራ ሰው።

«ምኑን?»

«የቮልሷን ድምፅ ነዋ! አንድ ሺህ ሁለት መቶ እንዲህ ዳገት ይቧጥጣል? አንድ ነገር አለ። ቅሬታ እናቅርብ።»

«ተው ካሱ። ሴትዮዋ መንገዱን ታውቀዋለች።»

«መንገዱንማ እኔም አውቀዋለሁ፣ በብስክሌት!»

«ጥሩ ነዳች፣ አለቀ።»

«ዋንጫህ እኮ ነው የሚሄደው! አንተ ካፈርክ እኔ እናገራለሁ።»

ሳምሶን ክንዱን ሊይዘው እጁን ዘረጋ። በዚያችው ቅጽበት አንድ ሐሳብ መጣበት። ካሱ ይናገር፤ ሌላ ሰው ኮፈኑን ይክፈት፤ ዘሪቱ ወደ ትልቁ ምድብ ትሂድ፤ ዋንጫውም እኔው ጋ ይቅር፣ እኔም አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ከራስ በላይ ነፋስ። እጁን መልሶ ሰበሰበ። ወዲያው ራሱን ጠላ፤ ካሱ ግን ሄዷል።

የውድድሩ ዳኛ ኦይታ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ኤንትሬ የጭነት መኪና የነዱ የኦቾሎ ሽማግሌ። አማርኛን የተማሩት መሪ ላይ ሆነው ስለሆነ ወንድና ሴት እምብዛም አይለዩበትም። በጆሮ ሹክ የተባለ ቅሬታ ደግሞ አይሰሙም። እንደ አገራቸው የሽማግሌ ሸንጎ፣ እንደ ዱቡሻው፣ ሁሉም ሣሩ ላይ ይቀመጣል፣ ባለጉዳዩ ባርኔጣውን አውልቆ ይቆማል፣ ያየውን የት እንዳየ፣ የሰማውን ከማን እንደሰማ እስከ ሥሩ ይናገራል።

ሕዝቡ ሣሩ ላይ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። ከበታቹ ጫካው፣ ከጫካው ማዶ ቀላ ያለው የአባያ ሐይቅ ይታያል። ኦይታ በትራቸውን ይዘው ተነሡና መረቁ።

«ሰላም ይሁን!»

«አሜን!»

«ጎማ አይፈንዳ! ፍሬን ይያዝ!»

«አሜን!»

«ካሱ፣ ተናገር።»

ካሱ ቆመ። «የቮልሷ ድምፅ ልክ አይደለም። የትልቅ ሞተር ድምፅ ነው።»

«ኮፈን ከፍተህ አየህ?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ሞተር በጆሮ ነው የሚለካው?»

ሣሩ ላይ ሳቅ ሆነ። ካሱ ጆሮው ቀላ። «እኔ ጎሚስታ ነኝ፣ ጋሽ ኦይታ፤ ሞተር አላውቅም። ሳምሶን ያውቃል። እሱን ይጠይቁት።»

ሳምሶን ይህን አላሰበውም ነበር። መልስ ሳይሰጥ ዘሪቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ተነሣች።

«ይከፈት!» አለች። «የምደብቀው የለኝም። ግን ሌላ ሰው አይነካብኝም፤ ጋሽ ሳምሶን ራሱ ይክፈተው። ያጸዳልኝ እሱ ነው፣ ጠዋት የፈተሸው እሱ ነው። እሱ ልክ አይደለችም ካለ መኪናዬን እዚሁ ትቼ በእግሬ እወርዳለሁ። ከሱ ወዲያ ማንን ላምን?»

ሳምሶን በልቡ አሰላ። «ልክ ናት» ቢል ስሙ ይተርፋል፣ ዋንጫው ይሄዳል፤ ይህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሣር ላይ ቆሞ መዋሸቱም አለ። «ልክ አይደለችም» ቢል ዋንጫው የሱ ነው፤ ለዋንጫ ብሎ ሴቲቱን አዋረዳት ይባላል። እሷ ግን ልክ የጠዋቱን ፊቷን ይዛ፣ ቅንጣት ሳትጠራጠር እያየችው ነው። ያቺን አስተያየቷን መቋቋም አቃተው። ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ።

«መክፈት አያስፈልግም። ሞተሩ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ነው።»



«እንዴት አወቅህ?» አሉ ኦይታ።

«የገጠምኩት እኔ ነኝ። የሷን ሞተር ያለ ዘይት አስነስቼ አቃጠልኩባት። ለመናገር አፈርኩና የኮምቢ ሞተር ገጠምኩ። እሷ የምታውቀው የለም። ጠዋትም እያየሁ እንዳላየ ሆኜ ዘጋሁት።»

«ያለ ዘይት?» አለ ካሱ በቀስታ፣ ማመን አቅቶት። «ጥንቁቁ?»

መጀመሪያ የሳቀው የሆቴል ባለቤቱ ሸዋንዳኝ ነበር፤ በትልቁ ምድብ በፔጆ 504 የሚወዳደረው። ከዚያ ሳቁ ሣሩን ሁሉ አዳረሰ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የዘንድሮው ጉድ ግን ከጠባም በኋላ አልቀረም። ሳምሶን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ዘሪቱ አልሳቀችም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስመርቅህ!»

«እሰማሽ ነበር።»

«አሜን ትለኝ ነበር እኮ!»

«አዎ። እል ነበር።»

ልትቆጣ ፈልጋ ከንፈሯ ከዳት፤ ፈገግ አለች። ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ። «ፈገግታዬን አትመነው፣ ጋሽ ሳምሶን። በሞተሩ አልተከፋሁም፤ እንደውም ይሄኛው ይሻላል። ብትነግረኝ ኖሮ ግን ጠዋት ከትልቆቹ ጋር ቀና ብዬ እሰለፍ ነበር። አሁን በሰው ምድብ ሾልኬ የገባሁ ሌባ አስመሰልከኝ። የከፋኝ እሱ ነው።»

 ሰው የሳቀው በሱ ቢሆንም ስድቡ የደረሰው ለሷ መሆኑ ለሳምሶን አሁን ገና ገባው።

ኦይታ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ሕጉ፣ ምድብ በሞተር ነው ይላል። ቮልሱ አላጠፋም። ዘሪቱም አላጠፋም። ወደ ትልቁ ምድብ ይሂድ፣ ሰዓቱንም ይዞ ይሂድ። ሳምሶን ከዛሬ ጀምሮ አይፈትሽም። ግን ፊያቱ ልክ ነው፣ በራሱ ምድብ ነው የሮጠው፤ ሰዓቱ የራሱ ነው።»

መምህር ክብሩ ወረቀቱን አገላበጠ። «እንግዲያው በትንሹ ምድብ አንደኛ ጋሽ ሳምሶን ነው። በትልቁ ዘሪቱ ሁለተኛ ነች። ሸዋንዳኝ በሁለት ሰከንድ ብቻ ይበልጣታል።»

ሸዋንዳኝ ሳቁን አቆመ።

ኦይታ እርጥብ ሣር ነጭተው ለሳምሶንና ለዘሪቱ እኩል አካፈሉ። ሁለቱም ተቀበሉ። ይህ ማለት ቂም የለም ማለት ነው፤ ሳምሶን ግን ሣሩን ይዞ ሲወርድ ዕዳው ያለቀ አልመሰለውም።

ለሁለተኛው ዙር መኪኖቹ ሲቀላ ተሰለፉ። በመጀመሪያው ዙር ትልቁ ምድብ ቀድሞ ስለነበር አሁን ትንሹ ይቀድማል፤ በትንሹ ምድብ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ተራ በተራ ሳምሶንና ሚካኤል ናቸው። ሚካኤል የባንክ ሠራተኛ ነው። በመጀመሪያው ዙር አህያ ገብታበት ሰዓቱ ተበላሸ እንጂ በልምምድ ከሳምሶን ጋር ትከሻ ለትከሻ ነበር። አሁን መስታወቱን እየወለወለ ያፏጫል።

«ይሄ ሰውዬ ፉጨቱ አላማረኝም» አለ ካሱ። «ያለህን ሁሉ ማውጣት አለብህ። ሞተርህን አሙቅ።»

ሳምሶን ግን ወደ ቢጫዋ ቮልስ ሄደ። «ዘሪቱ፣ ካርቡሬተሩ...»

«ደግሞ እሱ ምን ሆነ?»

«የድሮው ነው። እንዳይታወቅብኝ ብዬ ትንሹን ነው ያሰርኩት። ትልቅ ሰው በልጅ አፍንጫ እንደመተንፈስ ነው። የሞተሩ ሙሉ ጉልበት ገና አልወጣም። የራሱ ካርቡሬተር ጋራዥ አለ፤ እዚህ ቅርብ ነው።»

ዘሪቱ ዓይኗን አጠበበች። «ሕጉ ይፈቅዳል? ሁለተኛ ሌባ መባል አልፈልግም።»

አብረው ሄደው ኦይታን ጠየቁ። «ከፋብሪካው ሁለቱ አብረው ከመጡ፣ የራሱ ነው» አሉ ኦይታ። «ለሸዋንዳኝ ግን በአፍህ ንገረው።»

ሳምሶን ነገረው። ሸዋንዳኝም ደረቱን ነፍቶ «አውሮፕላን ይግጠሙላት!» አለ፤ ከዚያ ወደ ፔጆው ሄዶ ጎማውን ሁለት ጊዜ ረገጠ።

ሳምሶን ካርቡሬተሩን አምጥቶ ኮፈኑን ከፈተና አጎነበሰ። የመጀመሪያዋ መኪና ተለቀቀች። ሌላዋም ተከተለች። አንዱ ብሎን ዝጎ እምቢ አለ፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ታገለው፣ ፈታው፣ አዲሱን አስቀመጠ። ማሰር ጀመረ።

«ሳምሶን!» ባንዲራ ያዡ ተጣራ። «ተራህ ነው፣ ወደ መስመሩ!»

«ሂድ» አለች ዘሪቱ። «ሂድ እንጂ! በድሮው ካርቡሬተርም ቢሆን እነዳታለሁ።»

«የድሮውን አውልቄዋለሁ። ካልታሰረ አትነሣም። ከወጣሁ ደግሞ አልወርድም።»

ካሱ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆነሃል? ዋንጫው እኮ ለዘለቄታው ነው! ካልወጣህ ቀጣዩ ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ሚካኤል ነው!»

ሳምሶን ቀና አለ። ፊያቱን አየ፤ ታጥባ፣ ቁጥሯ በሯ ላይ ተለጥፎ፣ ባዶዋን ቆማለች። ሚካኤል ሞተሩን አስነስቶ ጓንት እያጠለቀ ነው። ሳምሶን ከንፈሩ መሃል የያዛትን ብሎን አወጣ።

«ዝለሉኝ!» ብሎ ጮኸ። «ሚካኤልን ልቀቁት!»

ከዚያ ወደ ዘሪቱ ዞሮ፣ «ብርሃን ከለልሽኝ። ግቢና መሪው ላይ ተቀመጪ» አላት።