ከርግቦች መሃል የተቆረጠው ድምፅ

የሙዚቃ አቀናባሪው የወፍ ድምፅ ሊቀዳ ሲወጣ አባቱን አስከትሎ መሄዱ ነበር ያበሳጨው። አባትየው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ዝም ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ማይክሮፎኑ ከዛፉ ሥር ተተክሎ፣ ርግቦቹ ገና ድምፃቸውን ሲያሟሹ፣ እሳቸው ወሬያቸውን ይሰልቃሉ።

«ይሄኛውን ስማው እስቲ! ሚስቱ በር የዘጋችበት ባል አይመስልም?»

ልጅ ሆዬ ስቱዲዮው ገብቶ የአባቱን ድምፅ ከርግቦቹ መሃል እየለቀመ ቆርጦ ጣለ። ርግቦቹን ከከበሮውና ከቤዝ ጊታሩ ሥር አነጠፋቸው፤ ሙዚቃውም ተወደደለት። ዋናውን ቅጂ ደግሞ ኮምፒውተሩን አጣበበብኝ ብሎ ደመሰሰው። ምን ቸገረው? አባቱ እንደሆኑ ሲያወሩ ውለው ሲያወሩ የሚያመሹ ሰው ናቸው።

በዓመቱ አባትየው ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ ነፍሳቸውን አተረፉላቸው፤ ድምፃቸውን ግን ማትረፍ አልቻሉም።

ዛሬ እህቱ አባታቸውንና ትንሿን ልጇን ይዛ ስቱዲዮ ድረስ መጣችበት። ልጅቷ ከሕመሙ በኋላ ስለተወለደች አያቷ ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም።

«ወንድሜ፣ ያኔ ወፍ ስትቀዳ አባዬ ሲለፈልፍብህ ነበር አላልከኝም? እስቲ አሰማት፤ ከዚያ ሌላ ምንም የለንም።»

አቀናባሪው አባቱን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣቸው።

«አባዬ፣ የለም። ወፎቹን አበላሸብኝ ብዬ በገዛ እጄ...» ምነው በሰደቡኝ ብሎ ተመኘ፤ በምን አንደበታቸው ይስደቡት? ሽማግሌው ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ተመልሰው ገቡ። ወንበር ስበው ተቀመጡና ሙዚቃውን ክፈተው አሉት፣ በእጃቸው ምልክት።

ከፈተው። ልጅቷ አንገቷን አስግጋ አዳመጠች።

«አያዬ የቱ ጋ ነው ያለው?»

አንዷ ርግብ ድምፅዋን ስታሰማ አባትየው ፈገግ ብለው ደረታቸውን በጣታቸው ጠቆሙ።

ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። «እንደዚህ ነበር የሚያወራው? አጎቴ፣ እውነት ነው?»

አባቱ ቀና ብለው አዩት፣ እሺ በላት በሚል ዓይን። ከዚያ ስድብ ይሻለው ነበር።

«አዎ» አላት።

ልጅቷ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጥፋ «ድገምልኝ» አለችው። ደገመላት። እህቱ ነገሩ ገብቷት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስታለቅስ እያየ፣ አሁንም ደገመላት።