አሸዋ የማይተፋ ድንጋይ

በየካቲቱ ቃጠሎ ከቤታችን ጋር ወፍጯችንም ሄደ። እሳት ድንጋይ ይጎዳል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ አመዱ ሲበርድ ግን ለሁለት ተሰንጥቆ አገኘሁት። ነፍሳችን ተርፋ አስኮ ገባን። ባሌ ገሜዳ ጣሊያኖች ለመንገድ ድንጋይ ከሚያስፈልጡበት ካባ ሥራ አገኘ። እኔም ምሳውን ሳመላልስ እዚያው ካባ ውስጥ አዲስ ወፍጮ መረጥኩ፤ መምረጥ ከተባለ። ቀላ ያለች፣ ለዓይን የምታምር፣ መሮ ሲያርፍባት እሺ የምትል ድንጋይ ነበረች። ገሜዳ በአንድ ቀን ጠርቦ ጨረሳት። በአንድ ቀን የሚያልቅ ወፍጮ ምን ዓይነት ወፍጮ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ወፍጮ ከቤት ይገኛል እንጂ ይመረጣል ብዬ አላውቅም።

የገሜዳ እናት እማማ ደሜ አብረውን ይኖራሉ። በእነሱ ዘንድ አማት የምራቷን እህል አታነውርም። ስለዚህ እማማ ደሜ ቂጣውን ሁለቴ ቆርሰው፣ ቀስ ብለው አኝከው፣ «ጠገብኩ ልጄ፣ ተባረኪ» ይሉና እጃቸውን ይታጠባሉ። ክረምቱ ሲጋመስ ቀሚሳቸው ሰፋቸው። አንድ ቀን ደግሞ፣ «ለመስቀል ከበደች ስትመጣ ቡራዩ ይዛኝ ትሂድ» አሉ። ከበደች ሴት ልጃቸው ናት። እኔ እናቴን ሳላውቃት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እማማ ደሜ ከሄዱብኝ ያ ቤት ቤት አይሆንልኝም። ደግሞም ተናደድኩ። ምን አጠፋሁ?

ገሜዳም እኔም ስንበላ ሰው የሚያባርረን ይመስል እንውጣለን። በማግስቱ እሳቸው የተዉትን ቂጣ አንስቼ ቀስ ብዬ አኘክሁት። ቀጭ አለ። ዱቄቱን በውሃ በጥብጬ ቀስ አድርጌ ስደፋው፣ ከጣባው ሥር ቀላ ያለ አሸዋ ተኝቷል። ለካ ወፍጮዬ ራሷን እየፈጨች ስታበላን ከርማለች። እማማ ደሜ ደግሞ አሸዋውን እየበሉ ሲመርቁኝ! የምገባበት ጠፋኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋይ ያዘኝ። ሚስማር ይዤ ያገኘሁትን ሁሉ እፍቃለሁ። ሁለት ሁለቱን ውሃ ውስጥ አፋትጌ ይደፈርስ እንደሆነ አያለሁ። በመዶሻ መታ አድርጌ ድምፁን አዳምጣለሁ፤ ጠንካራው ይጮኻል፣ ልፍስፍሱ ዱብ ይላል። ጎረቤታችን ዋጋነሽ፣ «አልማዜ፣ አጥር ልታጥሪ ነው ወይስ ለይቶልሻል?» ትለኛለች። ትበል። ከአልጋው ሥር ሃያ ድንጋይ ደርድሬያለሁ። አንዷ ስትሰበር ውስጧ ስኳር የተነሰነሰባት ትመስላለች፤ አንዷ ደግሞ፣ ማርያምን፣ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች። ወፍጮ ፍለጋ የጀመርኩት ሴትዮ ወፍጮውን ረስቼ ቁጭ ብዬ የማገላብጥበት ቀን ነበር። ይህን ሁሉ ዕድሜዬን ሙሉ ስረግጠው መኖሬ ይቆጨኛል።

ጣሊያኑ የካባ አለቃ ስፍቅ አይቶኝ ሳቀ። ቀዩን እየጠቆመ «ቱፎ» አለኝ፤ ጥቁሩን እየጠቆመ «ባዛልቶ»። ቤቴን ካቃጠሉት ወገን መሆኑን አልረሳሁም። ስሙን ግን ወሰድኩ። ድንጋዩ እንደሆነ የእኛው ነው።

በጳጉሜን መጀመሪያ ከወንዙ ዳር አንዲት ጥቁር ድንጋይ አገኘሁ፤ ጥቃቅን ቀዳዳ ሞልቶባታል። ብፍቃት ሚስማሩ የራሱን ብረት ትቶባት ሄደ እንጂ እሷ ምንም አልሆነችም። ውሃውም አልደፈረሰም። ገሜዳ ሲያያት ፊቱ ተለወጠ።

«ይቺማ መሮዬን ትጨርሰዋለች» አለ።

«ትጨርሰው» አልኩት።

ከሥራ መልስ እየጠረበ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀችበት። የአዲስ ወፍጮ የመጀመሪያ ዱቄት ለሰው አይሰጥምና ለዶሮዎቹ በተንኩት።

ከበደች ለመስቀል መጣች። በበነጋው የእማማ ደሜ ጓዝ ተቋጥሮ በሩ ላይ ተቀመጠ። ቂጣውን በሰፌድ አቀረብኩ። ቆረሱ፤ በጎን በኩል አኘኩ፤ ቆም አሉ። እንደገና ቆረሱ። ከዚያም እንደገና።

«እማዬ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እንውጣ እንጂ» አለች ከበደች።

እማማ ደሜ አልሰሟትም። ሰፌዱን ባዶ አድርገው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ጨምሪልኝ» አሉ።

ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። እንባዬ ቀደመኝ።

«ወፍጮው መሆኑን ያውቁ ነበር? ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?» አልኳቸው።

«ብነግርሽ ታፍሪያለሽ። ዝም ብል ጥርሴ ያልቃል። መሄድ ይሻላል ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ከበደች፣ አንቺ በሰላም ግቢ። የቀረኝ ስድስት ጥርስ ነው፤ ስድስቱም እዚሁ አልማዜ ዘንድ ይቀራሉ።»