ዝንጉርጉሯ ጠጠር

ባሌ ባዘዘው ከኔ ይልቅ በሬውን ይወዳል ብዬ ለንስሐ አባቴ ሳይቀር ተናግሬ ነበር። በሬው ቡሬ ይባላል። ቀንበር ካወለቀ ቆይቷል፤ አርጅቶ ሥራው መብላትና ባሌን ማየት ብቻ ሆኗል።

ነገሩ የጃንሆይ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከብቸና ወረድ ብላ ባለችው ሜዳ አራት ጎረቤታሞች በጋራ ከብት እናስግጥ ነበር። በዚያ ዓመት ሜዳዋ እንደ ተላጨ ራስ ገላጣ ሆና ነበር። ከብት ይቀነስ ሲባል ግን ሁሉም የጎረቤቱን ከብት ይቆጥራል እንጂ የራሱን አያነሣም።

ሰይድ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ሲሆን ግብርና ተምሮ መንግሥት ወደኛ የላከው ሳቂታ ሰው ነው። “ስብሰባ ሰልችቷችኋል፤ ኑ እንጫወት” አለን። ደጃችን ላይ ጆንያ አነጠፈ፤ ሜዳው ያ ነው። ሽምብራ በተነበት፤ ሳሩ መሆኑ ነው። ጠጠር ደግሞ ከብት። እያንዳንዱ ጠጠር በየዙሩ ሁለት ሽምብራ ይበላል፤ ሰይድ የተረፈውን ያህል መልሶ ይጨምራል። ምንም ካልተረፈ ከብቱ ሁሉ አለቀ፣ ሁላችንም ተሸነፍን ማለት ነው።

የሰይድ ስሕተት ጠጠሩን ራሳችን እንድንመርጥ መፍቀዱ ነው። ባዘዘው ወንዝ ድረስ ወርዶ አንዲት ዝንጉርጉር ጠጠር አመጣና “ይች ቡሬ ናት” አለ። ከዚያማ ሰው ሁሉ ለጠጠሩ ስም ያወጣ ጀመር።

“በቃ፣ ዘመድ አደረጋችኋቸው!” አለ ሰይድ እየሳቀ።

ሁለት ጊዜ ተጫወትን፤ ሁለቴም ሜዳውን ጨረስነው። በሦስተኛው ሰይድ “ሁላችሁም አንድ አንድ ጠጠር ካላወጣችሁ አይሆንም። መጀመሪያ የማያርስና የማይታለብ ይውጣ” አለ።

ሌሎቹ አወጡ። የቀረው ባዘዘው ነበር። ዝንጉርጉሯን ጠጠር ቀስ ብሎ አነሣት፤ ግን ከጆንያው ውጭ አላስቀመጣትም፣ ጨብጧት ቀረ። ፊቱን ሳየው ገባኝ፤ ያን ሽማግሌ በሬ ለካ እኔም እወደዋለሁ!

“መልሳት” አለ ጎረቤታችን ይርሳው። ይርሳው በጨዋታ እንኳ መሸነፍ የማይሆንለት ሰው ነው።

“ሕጉ እኮ...” አለ ሰይድ።

“የኔ በሬ የሞተ ጊዜ ማሳዬን ያረሰልኝ ቡሬ ነው። በሱ ፋንታ ጊደሬ ትውጣ።” ይርሳው ይህን ብሎ ሁለተኛ ጠጠሩን ከጆንያው አወጣ።

ከዚያ በኋላ ሳሩ በየዙሩ እየበዛ ሄደ። የሰይድ ሽምብራ እስኪያልቅ ተጫወትንና በመጨረሻ ሳሩን ቆልተን በላነው።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ይርሳው እውነተኛዋን ጊደር እየነዳ በደጃችን ሲያልፍ ባዘዘው አየውና ጋቢውን እየጎተተ ወጣ።

“አንተ ይርሳው! የትናንቱ እኮ ጨዋታ ነው!”

ይርሳው ዘወር እንኳ አላለም። “ጨዋታ ከሆነ ቡሬን ከሜዳው አውጣዋ!”

ባሌ ወደ በረት ገባ፤ ወይፈናችንን ፈቶ ይርሳውን ተከተለው።

ያን ዕለት ቡሬን ወደ ሜዳው የነዳሁት እኔ ነኝ።