ሲጋራ የጠፋበት ዘጠኝ ቀን

መርሳ ከተማ አስፋልቱ ዳር፣ ከማሩ ሱቅ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሬዲዮ መስማት ልማዴ ነው። በሰኔ መጨረሻ ስለ አዲሱ በጀት ሲወራ፣ የሲጋራ ግብር ሊጨመር መሆኑን አብረን ሰማን። ማሩ ዜናው እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀም። ሲጋራውን ሁሉ ከመደርደሪያው አውርዶ ከሳሙና ካርቶን ሥር ቀበረው። ለጠየቀው ሁሉ አልቋል ይል ጀመር፤ ሌሎቹም ባለሱቆች እንዲሁ። ማሩ የሰኔን ጾም አንዲት ቀን የማይገድፍ ሰው ነው። እኔም እያየሁ ዝም አልኩ።

ከማዶ ጋራዥ የሚሠራው ገዛኸኝ ሳንባው ታሟል። የወልድያው ሐኪም፣ ሲጋራውን ካልተውክ ለመድኃኒቱም አትድከም ብሎታል። ስንት ጊዜ ምሎ ስንት ጊዜ አፈረሰ። አሁን ግን እስከ ውርጌሳ ድረስ ፈልጎ አጣ። ሁለት ቀን ከሰውም ከመኪናውም ሲጣላ ዋለ። በአምስተኛው ቀን እህል ቀመሰ። በስምንተኛው ሚስቱ የሻረግ መጥታ፣ ሳያስል አደረ ብላ እያለቀሰች ነገረችን። ማሩ እግር ላይም ወደቀች፤ ግብሩ ቢጸድቅም፣ ሲጋራ ቢመጣም፣ ለእሱ ብቻ የለም እንዲልላት። ማሩም እሺ፣ እግዜር ይማረው አላት።

በዘጠነኛው ቀን ግብሩ ጸደቀ። ሰዉ ከሲጋራ እንዲርቅ ነው የተጨመረው አለ ሬዲዮው። በማግስቱ አዲሱን ግብር ያላየው ያው የድሮ ሲጋራ በአዲስ ዋጋ ተደረደረ። ሲጋራው ከሰው የራቀው ለትርፍ ተቀብሮ የሰነበተ ጊዜ ብቻ ነው። ይኸን ሳስብ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

ገዛኸኝ አስፋልቱን ተሻግሮ መጣ። የሻረግ ከኋላው እየሮጠች ደረሰች። ማሩ እሷን አየ፣ እሱን አየ፣ ፓኮውን ከፈተ። ምነው ወዳጄ ጠፋህ ብሎ የመጀመሪያዋን ፍሬ ለደንበኛ ምርቃት በነጻ ሰጠው። ገዛኸኝ ሚስቱን ቀና ብሎ ሳያይ እዚያው ለኮሰና ወደ ጋራዡ ተመለሰ።

የሻረግ መደርደሪያውን ትክ ብላ አየችው።

«ጋሼ ማሩ፣ ለትርፍዎ ሲሉ ዘጠኝ ቀን ዋሹ። ለአንድ ሰው ነፍስ ሲሉ አሥረኛውን ቀን መዋሸት አቃተዎት?»

«በጾም ምድር ዋሽ ትይኛለሽ?» አላት፣ ሳይስቅ።

ወደ እኔ ዞረች።

«አንቱስ እዚሁ አልነበሩም?»

ዓይኔን ወደ ጋራዡ መለስኩ። ከማዶ፣ በክሪክ ከተነሣው መኪና ሥር፣ ሳሉ ጀመረ።