በቀኝ እጅ የታሰረው ክታብ

ራሂማ ክፉ ነገር ሳይደርስ የምታለቅስ ሴት ነበረች። ጎረቤቷ ሀጂራ፣ «ራሂማ እኮ ልቅሶውን አስቀድማ ትጨርሰዋለች፤ ሬሳው ሲመጣ እንባ አይተርፋትም» እያለች ውኃው ዳር ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች ታስቃቸው ነበር። እውነትም ባሏ ታንኳውን ይዞ ሲወጣ ለራሂማ የሚታያት የተገለበጠ ታንኳ ነው።

ጣሊያን ባሕር ዳርን ከያዘ ወዲህ አዲስ ፍርሃት ተጨመረላት። የደንገል ታንኳ ሲሠራ ያደገው ልጇ ቡርሀን፣ ጣሊያኖች ከሐይቁ ዳር በከፈቱት የእንጨት ጀልባ መሥሪያ ተቀጠረ። እዚያ ትራፓኖ የሚሉት የኤሌክትሪክ መብሻ አለ፤ ወፍራሙን ሳንቃ እንደ ቅቤ ይበሳዋል። ራሂማ ምሳ ልታደርስ ሄዳ በአጥሩ ቀዳዳ አየችው፤ ጩኸቱንም ሰማች። ሼሁ ዘንድ ሄዳ ክታብ አስጻፈች፤ በቆዳ አስለበጠችና ራሷ ደራርባ በፈተለችው የጥጥ ገመድ በልጇ ቀኝ እጅ አንጓ ላይ አሰረችለት።

የሠራተኞቹ አለቃ አምሐ ከማክሰኝት የመጣ ክርስቲያን ነው። ማንም ትራፓኖውን ከመጨበጡ በፊት ከራስ እስከ እግር ይመለከተዋል። እጅጌ መጠቅለል አለበት፤ የሚንጠለጠል ነገር አይፈቀድም፤ እርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግር መቆም ክልክል ነው፤ የመብሻው ጫፍ የሚቀየረው ሽቦው ከተነቀለ በኋላ ነው። ክታቡን ባየ ጊዜ ቡርሀንን ከሥራ መለሰው። በማግስቱ ራሂማ በሩ ላይ ቆመች።

«ልጄን ከክታቡ የምትለየው ምን አድርጎህ ነው?»

«እትዬ ራሂማ፣ ማን ለየው? የሚሽከረከር ነገር ገመድ ካገኘ አይለቅም። እኔም ማተቤን ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ እስከ አንገቴ ነው የምቆልፍ። እሱም ከልብሱ ሥር፣ ደረቱ ላይ ይያዘው።»

«ማሽኑ የሚበላው ደረቱን ነው እጁን?»

«እጁን ነው። ከእጁ ይውረድ የምልዎ ለዚያ እኮ ነው።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ራሂማ ፊቷ እንደ ፍም ቀልቶ ተመለሰች። ቡርሀን ቤት ሲገባ ጠብቃ፣ «ብትፈታው የጠባኸው ጡቴ ይፍረድብህ» አለችው። ቡርሀን ጎልማሳ ቢሆንም የእናቱን ቃል የሚሽርበት አንጀት አልነበረውም። አምሐ ሲፈትሽ ክታቡን ኪሱ ይከታል፤ አምሐ ዞር ሲል መልሶ ያስርና እጅጌውን አውርዶ ይሸፍነዋል።

አንድ ቀን የጀልባ ጎን ሲበሳ ትራፓኖው የወረደውን እጅጌ ያዘ፤ ከእጅጌው ሥር ገመዱን አገኘ። ጥጡ ጠንካራ ነበርና አልበጠስ አለ። የተሰበረው የእጁ አንጓ ነው። አምሐ ሮጦ ሽቦውን ባይነቅል ኖሮ እጁ ተቆርጦ በቀረ ነበር።

ራሂማ ወሬው ሲደርሳት አልጠየቀችም፤ አላጣራችም። ውኃው ዳር ሴቶቹ መካከል ቆማ፣ «ክታቡን አስፈትቶ ልጄን ለማሽን የሰጠው አምሐ ነው። ለጣሊያን ያደረ ባንዳ» አለች። ቃሉ ከውኃው ዳር ገበያ፣ ከገበያ መሥሪያውን ከሚያስተዳድረው ጣሊያን ጆሮ ገባ። ጣሊያኑ ከእስላሞቹ ጋር መቀያየም አልፈለገም፤ አምሐን አባረረው።

ወጌሻው የቡርሀንን እጅ በሸምበቆ ደግፎ ካሰረለት በኋላ፣ ራሂማ ወተት ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አላህ ይይለት፣ ያ ሰውዬ» አለች።

«እምዬ፣ ተይ። ክታቡን አልፈታሁትም ነበር። ትራፓኖው የያዘኝ በሱ ገመድ ነው።»

«ለምን አልተናገርህም ታዲያ?»

«በጡትሽ አስረሽኝ ለማን ልናገር? ገመዱን በቢላዋ ቆርጦ ያላቀቀኝ አምሐ ነው። ክታቡን ኪሴ ውስጥ ከተተና ‹እናትህ ይህን ከሰማች ራሷን ትጎዳለች፤ ዝም በል› አለኝ። ሲያባርሩትም ምስጢሩን አላወጣውም።»

ራሂማ ወተቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ ነገር ከውኃ፣ ከማሽን፣ ከሰው ሲመጣ ይታያት ነበር፤ ከገዛ እጇ ሲወጣ ግን ታይቷት አያውቅም። ልጇን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

የአምሐ ሚስት ወለተ ኪዳን ወደ ማክሰኝት ለመመለስ ዕቃ ስትሸክፍ ራሂማ ደረሰችባት።

«ወለተ ኪዳን፣ ባልሽን በሐሰት አማሁት። ገመዱን ያሰርሁትም፣ እንዳይፈታው ያስማልሁትም እኔ ነኝ።»

ወለተ ኪዳን ከሥራዋ ቀና አላለችም። «እኔማ ባሌን አውቀዋለሁ፤ ለእኔ ምን ይነግሩኛል? የተናገሩት ውኃ ዳር ነው። እዚያው ይናገሩት።»

ራሂማ ቁልቁል ወረደች። ሴቶቹ ልብስ ይወቅጣሉ። ሀጂራ አየቻትና፣ «መጣች፤ ዛሬ ደግሞ ማን ሊሞት ነው?» አለች። ሳቁ። ራሂማ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቡርሀን የነገራትን የአምሐን ቃል ጭምር። ሳቁ ቆመ፤ ልብስ የሚወቅጥም ጠፋ።

«ታዲያ አምሐ ምን አጠፋ?» አለች ሀጂራ።

«ምንም።»

«አልሰማንሽም» አሉ ከወዲያ ጫፍ አንዲት አሮጊት። «ባንዳ ነው ስትይ ግን ከሐይቁ ማዶ ደርሶ ነበር።»

ራሂማ ሻሿን ከአፏ ላይ አነሣች። «ምንም አላጠፋም» አለች ጮክ ብላ።

«ለጣሊያኑም እንዲሁ በይው» አሉና አሮጊቷ ወደ እጥበታቸው ተመለሱ።

ራሂማ ዞራ ወደ ጀልባ መሥሪያው በር አቀናች። መንገዱን ለቀቅ ያደረጉላት ሴቶች ዓይን ከኋላዋ እስከ አጥሩ ድረስ ተከተላት።