የእንቁራሪቶች ማኅሌት

ቡሬ የሳይንስ አስተማሪ ሆኖ በመጣ ሰሞን፣ ያ ዘሩ የሚባለው ጎረምሳ ቤቴ ተቀምጦ ጉድ አሰማኝ።

«የኔታ፣ ከውኃ ወደ የብስ ከወጡት እንስሳት መጀመሪያ በጉሮሮው የተጣራው የእንቁራሪት ወገን ሳይሆን አይቀርም። የሚጮኸው ወንዱ ነው፤ ሚስት ፍለጋ።»

እኔ መሪጌታ ዓለምብርሃን ዕድሜዬን ሙሉ ዜማ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ደሜ ፈላ።

«ድምፅ የተሰጠን ለምስጋና ነው! ለሚስት ፍለጋማ ሽማግሌ ይላካል!»

ዘሩ እየሳቀ ከቤቴ በታች ወዳለው ረግረግ ወሰደኝ። ባለቤቴ እናኑም ተከተለችን። ዝናቡ እንዳባራ አንዱ እንቁራሪት ከማዶ ጀመረ፤ ሌላው ከወዲህ ተቀበለው። ወዲያው እንደኛ ደብር ካህናት ቀኝና ግራ ሆነው ይቀባበሉ ጀመር። ሳላስበው መቋሚያዬ አብሮ ተወዛወዘ።

«እሽ፣ ዜማስ ያውቃሉ» አልሁ። «የሚስቱን ነገር ግን አልቀበልም።»

እናኑ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

«እርስዎስ በጉብዝናዎ፣ እኔ በሴቶች በር ስቆም ድምፅዎን ከፍ የሚያደርጉት ለምስጋና ብቻ ነበር?»

«ሽማግሌ ልኬ አይደል ያገባሁሽ!»

«ሽማግሌዎቹማ ዘግይተው ነው የደረሱ» አለች። «እኔ እሽ ያልሁት ድምፅዎን የሰማሁ ለት ነው።»