ጎማው የኮት ቁልፍ የሆነ አውቶቡስ

በ፲፱፻፶፰ ዓመተ ምሕረት፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ከእህተ ማርያም አድማሴ መደርደሪያ ላይ አረንጓዴው አውቶቡስ መጥፋቱ ታወቀ። በዚያው ሳምንት የቤት ሠራተኛዋን ካሰችን አሰናበተች።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ መምህርት እህተ ማርያም ትንንሽ የብረት መኪኖች እንደምትሰበስብ የማያውቅ አልነበረም። ተማሪዎቿ ቤቷን «የመምህርት ጋራዥ» ይሉታል። ጎረቤቷ ወይዘሮ ታንጉት ደግሞ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «ለመሆኑ ከነዚያ መኪኖች አንዱ ባል ጭኖ የሚመጣው መቼ ነው?» እያሉ ይተርቧታል።

«መንገድ ተበላሽቶበት ይሆናል፣ እትዬ ታንጉት» ትላቸዋለች፤ ከዚያ በላይ አትናገርም።

ስብስቡን የጀመሩላት አባቷ ነበሩ። ሹፌር አድማሴ አሥመራ ደርሰው በተመለሱ ቁጥር፣ ከመዳፍ የማትበልጥ መኪና በመሐረብ ጠቅልለው ያመጡላታል፤ አንድ ጊዜ ቦቴ፣ አንድ ጊዜ ገልባጭ፣ አንድ ጊዜ ተሳቢዋን የምትጎትት የጭነት መኪና። እሳቸው ዓባይ በረሃ ላይ ካረፉ በኋላም አላቋረጠችም። አዲስ አበባ ኮሌጅ ሳለች፣ ጓደኞቿ ጫማ በሚገዙበት ገንዘብ እሷ ከፒያሳ ሱቆች ባለ ፎቅ ቀይ አውቶቡስ ገዝታ ተመልሳለች። ቀለማቸው እንዳይላላጥ አቧራቸውን የምታራግፈው በዶሮ ላባ ነው፤ ፀሐይ እንዳያደበዝዛቸው መጋረጃ ሰፍታላቸዋለች።

አረንጓዴው አውቶቡስ ግን አባቷ በመጨረሻ የሰጧት ነበር። አንድ የኋላ ጎማው መንገድ ላይ ወልቆ ስለ ጠፋ፣ ከራሳቸው ካፖርት ጥቁር ቁልፍ በጥሰው ተክተውለታል። ስለዚህም ሲገፉት በዚያ በኩል ያነክሳል። ስብስቡ ሁሉ ተሽጦ እሱ ብቻ ቢቀርላት፣ አልጎደለብኝም ባለች ነበር።

በቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ከእርሷ ሌላ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሥራ የሚፈልገው ታናሽ ወንድሟ ላቀው እና የጅጋ ገጠር ቄስ ልጅ የሆነችው ካሰች። ሁለቱንም ጠየቀች።

«እታለም፣ እኔ ትልቁን አውቶቡስ አጥቼ የምንከራተት ሰው ትንሹን ምን ላድርገው?» አለ ላቀው እየሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መደርደሪያውን በየቀኑ የሚወለውለው ማን እንደሆነ አንቺው ታውቂያለሽ» አላት።

በአገሩ ደንብ ነገሩ ወደ ሚካኤል ደጅ ሄደ። ላቀው ሳያመነታ መዳፉን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጭኖ፣ «ነክቼው እንደሆነ ሚካኤል መንገዴን ያጥፋብኝ» ሲል ማለ። ተራው የካሰች ሲሆን፣ ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ሳብ አድርጋ ከደጁ ራቅ ብላ ቆመች።

«እትዬ፣ እኔ አልወሰድሁም» አለች። «ግን አልምልም። አባቴ በእውነት ላይም ቢሆን እንዳልምል በግዝት ከልክለውኛል።»

«እሰይ!» አለ ላቀው። «እጇ ንጹሕ የሆነ ሰው በር መንካት ይፈራል?»

እህተ ማርያም በሩን ነክቶ የማለውን አመነች። ካሰች ጓዟን በአቁማዳ ከትታ ስትወጣ መምህርቷ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረቻትም፤ ስሟን ጠርታም አልተሰናበተቻትም።

በሰኔ ወር ላቀው ቡሬ ላይ ሥራ አገኘ። የአውቶቡስ ባለንብረት የሆኑት ግራዝማች እጅጉ፣ ደመወዝተኛ ዋስ ሳይጠራ ለማንም ሹፌር መሪ አያስጨብጡም። ዋሱ እህቱ እንድትሆን ተስማሙ። የአባቷ ሙያ በልጃቸው እጅ ሲቀጥል ለማየት እህተ ማርያም ነጭ ቀሚሷን ለብሳ አብራው ወደ ቡሬ ተጓዘች።

ግራዝማች በክብር ተቀበሏት። የዋስትናው ወረቀትና ብዕሩ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ እሳቸው ግን አልቸኮሉም።

«ወይዘሪት፣ እርስዎ የትንንሽ መኪና ወዳጅ ነዎት ሲሉ ሰምቻለሁ። እስቲ የኔን ይዩልኝ» ብለው ከራዲዮኑ ራስ ላይ አንድ ነገር አንሥተው መዳፏ ላይ አኖሩላት።

አረንጓዴ አውቶቡስ ነበር።

«ያምራል አይደል? ላቀው ነው በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ያመጣልኝ። ‹አባቴ ለኔ የተዉልኝ ቅርስ ይኸው ነው፣ ለርስዎ ይሁን› ቢለኝ ልቤን ነካው። እንዲህ ያለ ልጅ እንዴት ይመለሳል?»

እህተ ማርያም አውቶቡሱን ገለበጠችው። የካፖርቱ ቁልፍ በቦታው ነበር፤ ክር ይገባባቸው የነበሩት ቀዳዳዎች በአቧራ ተደፍነዋል። ጠረጴዛው ላይ አኑራ በአንድ ጣቷ ገፋችው። እያነከሰ ሄዶ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ቆመ።

ላቀው መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

«በሚካኤል በር ላይ የነበረው የማን እጅ ነው?» አለችው በዝግታ።

«እታለም፣ በእመብርሃን፣ እዚህ ሰው ፊት ተይኝ» አለ ላቀው። «አንዲት ብረት ናት። አንቺ መደርደሪያ ሙሉ አለሽ። ሥራው ከተሳካልኝ ዕጥፍ አድርጌ እተካልሻለሁ ብዬ ነው።»

«ካሰችስ?»

«እሷ ብትምል ኖሮ ማን ይነካት ነበር?»

ግራዝማች አንዴ እሱን አንዴ እሷን ተመለከቱ። «ምንድን ነው ነገሩ? ልጁ የሰጠኝ የራሱን አይደለም እንዴ?»

እህተ ማርያም በዐይነ ኅሊናዋ ያየችው በሩን የነካውን እጅ ሳይሆን፣ ነጠላዋን ስባ ከደጁ ራቅ ብላ የቆመችውን ልጅ ነበር። መሐላ የፈራችው እግዚአብሔርን ስለምትፈራ ነበር፤ እህተ ማርያም ደግሞ ፍርሃቷን እንደ ጥፋት ቈጥራ ፈረደችባት። ወንድሟ የወሰደባት አውቶቡሱን ብቻ አልነበረም። በእርሷ አፍ ንጹሕ ሰው አስወንጅሏል፤ ከዚያም በአንድ ገበታ አብሯት ሲበላ ከርሟል።

«እታለም» አለ ላቀው። «ስለ አባባ ብለሽ ፈርሚልኝ።»

ብዕሩን አንሥታ ክዳኑን ገጠመችው። ወረቀቱን ወደ ግራዝማች መለሰች። አውቶቡሱን ከካፖርቱ ቁልፍ ጋር፣ አባቷ እንደሚያደርጉት በመሐረቧ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሣች።

«ግራዝማች» አለች፣ «አውቶቡሱ የኔ ነው፤ ለላቀው ዋስ አልሆንም። ነገ ካሰች ዘንድ ጅጋ እሄዳለሁ።»